ሳይቀመስ የተቀዳ

ልጄ አበረ ከቤት አይወጣም። ቀን ቀን ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ውሻው በጮኸ ቁጥር እጁ ይቆማል። ውሻው ዝም ሲል እንደገና ይገምዳል። ገመዱ ካሉን ከብቶች በልጧል።

የሟች ወገኖች የሚፈልጉት እሱን ነው። እኔን አይነኩኝም። ደም የሚመልስ ሰው ሽማግሌ አይገድልም፤ ቤቱን የሚጎዳውን ይመርጣል። የኔ ቤት ደግሞ ከአበረ ሌላ ወንድ የለውም። እናቱ ካረፈች ቆይታለች።

ሟቹ አስማረ ጎረቤታችን ነበር። የሱን ግቢ ከኛ ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። አባቱ ቀድሞ ሞቷል። እናቱ ማስተዋል ትባላለች፤ ታናሽ እህቱ ቤዛዊት። ፈረሰኛ ነበር። በጊዮርጊስ ዕለት እንጅባራ ላይ ሲጋልብ ያየው ሁሉ ስሙን ይጠይቅ ነበር። ከአበረ ጋር በዛፍ ወሰን ተጣልተው ነበር። ሁለቱም ለከሰል ዲከረንስ ተክለዋል፤ ዛፉ ሲያድግ ወሰኑ ጠፋ። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። እርቁ የልብ መሆኑን ለማሳየት አስማረ የኛን ከሰል በምናወጣበት ቀን በወንፈል ሊያግዘን መጣ።

ጠዋቱን ሙሉ ከሰል እያወጣን በጆንያ ሞላን። ሌላው ሰው ጆንያውን በትከሻው ይሸከማል። አስማረ ጉልበቱን ማሳየት ስለሚወድ ሆዱ ላይ አቅፎ ወደ ጋሪው ይወስደዋል።

“አንተ ልጅ፣ ጆንያ ነው ወይስ ሙሽራ?” አልሁት።

“ሙሽራማ እንዲህ አትከብድም፣ አያ ይኸነው!”

ሰው ሳቀ። እኔ ፊቱን አየሁት። ከጥላሸቱ ሥር ነጥቷል። ላቡ ጥላሸቱን እየጠረገ ይወርዳል። ቀኑ ግን ብርዳም ነበር።

ለምሳ ከደጃፌ ተቀመጥን። አበረ ጠላ ቀዳ። በኛ አገር የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ለእንግዳው ይሰጣል። አበረ ያን ሰሞን ጠበል ላይ ነበር፤ መጠጥ በአፌ አይገባም ብሎ ተስሏል። ስለዚህ ሳይቀምስ ቀዳ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለአስማረ ሰጠው። አስማረ አንዴ ተጎነጨ። “ራሴን! ራሴን!” አለ። ደረቱን ያዘና በግንባሩ ተደፋ። ስናገላብጠው ዋንጫው ከእጁ አልወጣም ነበር።

በግርግሩ ጠላው ፈሰሰ። ከሱ በቀር ማንም አልጠጣም። ውሻችን ከመሬት ላሰው። ያ ውሻ ይኸው እስከ ዛሬ ይጮኻል፤ ግን የውሻ ምስክርነት ማን ይቀበላል?

ኪዳኑ፣ የማስተዋል ታላቅ ወንድም፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ደረሰ። አላለቀሰም። መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው።

“ማን ቀዳለት?”

“አበረ” አሉት።

“ቀመሰ?”

ሰው ሁሉ ወደ አበረ ዞረ።

ፖሊስ መጣ። ሬሳው ባሕር ዳር ሄዶ ይመረመራል፤ እስከዚያ እንዳታጥቡት፣ እንዳትገንዙት፣ ማንም እንዳይነካው አለ። መኪና ግን አልነበረም። ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርክም ጠፍቷል። አስማረ በራሱ ጋቢ እንደተሸፈነ በእናቱ ግቢ ዳስ ውስጥ ሰነበተ። ፈረሱን ከነጌጡ ጭነው ከዳሱ አጠገብ አቆሙት። ለቅሶ ሲሆን የሟች ፈረስ ይዞራል። ቀብር በሌለበት ግን ወዴት ይዞራል? ቆሞ መሬቱን ይደበድብ ነበር።

እኛ በራችንን ዘጋን። ጎረቤት ሞቶ ማልቀስ የማይፈቀድለት ሰው ሆንሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ማየት ብቻ ቀረኝ።

ዝንብ መጣ። ማስተዋል በቅጠል ታባርር ነበር። ክንዷ ሲዝል በሌላው ክንዷ ታባርራለች። ቀጥሎ ሁለቱም ዛሉ። “መኪና መጣ” ተብሎ ሰዉ ሁሉ ወደ መንገድ ሲወጣ እሷ ወደ ቤት ገባች። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ጋቢውን ገለጠች፤ ከቆርቆሮው ነጭ ነገር እየዘገነች በተነች፤ መልሳ ሸፈነችው። ዱቄት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አመድም ይሆናል። ነፋሱ ሲዞር ሽታው ወደኔ መጣ። የማውቀው ሽታ ነው። ከየት እንደማውቀው ግን አልመጣልኝም። መኪና መጣ የተባለውም ውሸት ነበር፤ ሰዉ ተመለሰ።

በመጨረሻ ሬሳውን ወሰዱት፤ ከምርመራ በኋላ መልሰው ቀበሩት። አበረንም ፖሊስ ወስዶ አሰረው። ማስረጃ ስላልተገኘ ውጤቱ እስኪመጣ በዋስ ተለቀቀ። ከእስር ቤት ወደኔ ቤት ተዛወረ ማለት ይሻላል።

ክረምቱ አለፈ። የተቆረጠ ዛፍ የለም፤ የወጣ ከሰል የለም። ቅዳሜ ገበያ እኔ እሄዳለሁ። ሰው ሰላም ይለኛል፤ ግን አጠገቤ ቆሞ አያወራም። ጥይት የሚጠብቅ ቤት ሰው እንደሆንሁ ሁሉም ያውቃል።

“ይህን ሁሉ ገመድ ምን ልናደርገው ነው?” አልሁት አንድ ቀን።

“ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ እዘረጋውና በሱ ላይ እሄዳለሁ” አለ አበረ። “መሬታቸውን እንዳልረግጥባቸው።”

አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም።

“አባባ፣ ልውጣና ይለይለት።”

“ተቀመጥ።”

“እስከ መቼ?”

“ውጤቱ እስኪመጣ።”

“መጥቶ መርዝ ነው ቢልስ?”

“አልሰጠኸውም።”

“እሱን መቼ ጠየቅሁ?” አለ። ገመዱን አነሳ።

ውጤቱ ደረሰ ተባለ። ሽማግሌዎች መካከል ሆነው ፖሊስን ለመኑልን፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ሄዶ ከሐኪሟ አፍ በጆሮው ይስማ አሉ። ከነሱ ኪዳኑ፣ ከኛ እኔ ሆንን። አንድ ሚኒባስ ደረሰን። እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ዳንግላ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ሁለታችንን አየን።

“አባቶች፣ አብራችሁ ናችሁ?”

“አብረን አይደለንም” አለ ኪዳኑ።

“የት ነው የሚወርዱት?”

“ባሕር ዳር፣ ሆስፒታሉ ጋ።”

“እርስዎስ አባቴ?”

“ባሕር ዳር፣ ሆስፒታሉ ጋ” አልሁ።

ረዳቱ እየሳቀ ሄደ። እኛ በመስኮት አየን፤ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ትዕግስት ትባላለች። ወጣት ናት። ወንበር ሰጠችን። መርማሪው ፖሊስም ከጥግ ተቀምጧል።

“አባቶቼ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ያልገባችሁን አቋርጣችሁ ጠይቁኝ” አለች። “ከኩላሊት አናት ላይ አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ለሁላችንም አለችን። ስንደነግጥ ልብ የሚያስመታው፣ ፊት የሚያነጣው፣ ላብ የሚያወርደው ቅመም ከሷ ነው የሚመነጨው። የአስማረ የቀኟ ዕጢ ላይ ዕባጭ በቅሏል። ሎሚ ያህላል። ስቆርጠው መሃሉ ደም ቋጥሯል። በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ አስተማሪዬም አየው። ብዙ ሰው ላይ የሚገኝ አይደለም። እኔ በሥዕል ነበር የማውቀው፤ በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው።”

“ያ ነው የገደለው?” አልሁ።

“ይህ ዕባጭ ያንን የድንጋጤ ቅመም ያጠራቅማል። ሆድ ሲጫን፣ ሰው ሲጎነበስ፣ ከባድ ነገር ሲያነሳ በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይለቀዋል። ግፊቱ ይጨምራል፤ ልብ አይችለውም። ልቡም ላይ የቆየ ጠባሳ አግኝቻለሁ፤ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። በሕይወቱ ሳለ ድንገት ፊቱ የሚነጣበት፣ የሚያልበው፣ ራሱን የሚያመው ጊዜ ነበር?”

“የእህቴ ልጅ ጤነኛ ነበር” አለ ኪዳኑ። “ፈረስ ላይ ብታዪው ይህን አትጠይቂም ነበር።”

“ነበር” አልሁ እኔ። “አጥር ይዞ ሲቆም አይቼዋለሁ። ላቡ እስኪደርቅ ይቆምና ይሄዳል።”

ኪዳኑ ዞሮ አየኝ። “የገዳይ አባት ሌላ ምን ብሎ ይመስክር?”

ጆንያውን አሰብሁት። ሆዱ ላይ ያቀፈውን። ከሰሉ የኔ ነበር።

“የመርዝ ምርመራው አዲስ አበባ ተልኮ ነው የቆየው” አለች ዶክተሯ። “ማላታይን ተገኝቷል።”

ኪዳኑ ከወንበሩ ተነሳ። “ተገኘ! ሰማህ?”

“ይቀመጡ አባቴ። ዋናው ነገር የት ተገኘ የሚለው ነው። ጨጓራው ውስጥ የለም። ጉበቱ ውስጥ የለም። ደሙ ውስጥ የለም። ቆዳው ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ጋቢው ላይ ነው ያለው። ከንፈሩና አፍንጫው ዙሪያም ዱቄቱ ተጋግሯል። ቢጠጣው ኖሮ ውስጡ ይገኝ ነበር። ይህ ከሞተ በኋላ ከላይ የተነሰነሰ ነው።”

ማላታይን የነቀዝ መድኃኒት ነው። በጎተራችን ሁሉ አለ። ያ ሽታ ከየት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከራሴ ጎተራ ነበር የማውቀው።

መርማሪው ከጥግ ተናገረ። “ማንም እንዳይነካው ብለን አዘን ነበር። ይህን ያደረገ ሰው ማስረጃ አበላሽቷል፤ በሕግ ይጠየቃል። ማን እንደሆነ እስኪታወቅ መዝገቡ አይዘጋም።”

አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት። ብናገር አንዲት የሞተባት እናት ትታሰራለች። ኪዳኑም “የልጁን ጥፋት ወደኛ አዞረው” ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም። ባልናገር መርዝ ተገኘ የሚለው ቃል ከኛ ቀድሞ አገር ይገባል። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁ።

ልንወጣ ስንል ዶክተሯ በሩ ላይ ቆመች። “አንድ ነገር ቀረኝ። ይህ በሽታ አንዳንድ ጊዜ በዘር ይወርዳል። እህት ወንድም ካለው ይምጡና ይመርመሩ። በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እባካችሁ ለእናቱ ንገሩልኝ።”

“የኛ ዘር በሽታ የለበትም” አለ ኪዳኑ።

ስንመለስ አጠገቤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ እሱው ተቀመጠ። ዱርቤቴን ስናልፍ ወደኔ ዞረ።

“ተገኝቷል ብላለች።”

“ሆዱ ውስጥ የለም ብላለች።”

“ሳይቀምስ ቀዳ።”

“ጠበል ላይ ነበር።”

“ጠበል ላይ ያለ ሰው ለሌላ ሰጥቶ ያስቀምሳል” አለኝ። “አንተስ አጠገቡ አልነበርህም? አፍ የለህም?”

ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ቤዛዊትን አየኋት። በጀሪካን ውኃ አዝላ ከምንጭ ትመጣለች። ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን ልታወርድ ስትል አጥሩን ያዘች። ፊቷ ነጣ። ላቧ በአገጯ ወረደ። ላቧ እስኪደርቅ ቆመች፤ ከዚያ ጀሪካኑን ወደ ቤት ጎተተችው። ወንድሟም በዚያው አጥር፣ በዚያው አኳኋን ነበር የሚቆመው።

ደም ያለባቸው ቤቶች አይነጋገሩም። እኔ ግን እናቷ ብቻዋን እስክትወጣ ጠበቅሁና ተጣራሁ።

“ማስተዋል።”

ደነገጠች። ልትሄድ ነበር፤ ቆመች።

“ወንድምሽ ምን ነገረሽ?”

“መርዝ ተገኘ አለኝ። ምን ሊሉኝ ነው የጠሩኝ፣ አያ ይኸነው?”

“ሌላስ አልነገረሽም?”

“ሌላ ምን አለ?”

ነገርኋት። ዕባጩን፣ ልቡን፣ ጠባሳውን። ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ ሰማች።

“ልጄ ጤነኛ ነበር” አለች።

“ይህን ለማያውቅሽ ፖሊስ ንገሪ። እኔ አጥር ለአጥር ነው የኖርሁ።”

አማርኛውን ትታ በአዊኛ ጀመረች። ከልቧ ስትናገር እንዲህ ናት። “ሰው ቢሰማ ጋኔን አለበት ይላል፤ ማን ልጁን ይድርልኛል ብዬ ነው። እሱም ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር። ፈረሰኛ ተብሎ እንዴት ይህን ያውራ?”

“በዘር ይወርዳል ብላለች ሐኪሟ። እህት ካለው ትምጣ፣ ይድናል ብላለች።”

አጥሩን ያዘች። የቤዛዊትን ስም አላነሳሁም። እሷም አላነሳችም። ቤቱን ዞራ አየች ብቻ።

“መርዙስ?” አለች። “በሽታ ከሆነ መርዙ ከየት መጣ?”

“ሆዱ ውስጥ አልነበረም። ላዩ ላይ ነው የተገኘው። ከንፈሩ ላይ፣ ጋቢው ላይ። የነቀዝ መድኃኒት ነው።”

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ እጇን አየች።

“አይተውኝ ነበር?”

“አይቻለሁ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ትናንት ነው።”

“ትናንት ለምን አልተናገሩም ታዲያ?”

“ያስሩሻል።”

“እጠበው ብል ከለከሉኝ። ዝንቡ ካፉ እየገባ...” አልጨረሰችውም። “ልጄን መርዝ አለበስሁት?”

“ዝንብ ከለከልሽለት” አልኋት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባች። እኔም ገባሁ። አበረ ማን ጋር እንደማወራ ሰምቷል፤ አልጠየቀኝም። ብትናገር ታሰራለች፣ ልጅቷ ብቻዋን ትቀራለች። ባትናገር ልጅቷ ሳትታከም ትቀራለች፣ የኔም ልጅ ከምሰሶው ሥር ይቀራል። በሷ መፍረድ አልቻልሁም። እኔ ራሴ ከሐኪሟ ፊት አፌን ዘግቼ መጥቻለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪዳኑ ከወንድሞቹ ልጆች ጋር ወደ ማስተዋል ግቢ ሲገባ አየሁ። ዱላ ብቻ አልነበረም የያዙት። በራችንን ዘግቼ መወርወሪያውን አስገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ውሻው ጮኸ። አበረ ገመዱን አስቀመጠ።

“አበረ!” አለ የሴት ድምፅ። “ቤት ውስጥ ጠላ አለ?”

ማስተዋል ናት። ከፈትሁ። ግቢዬ መካከል ቆማለች። ኪዳኑ ከኋላዋ እየሮጠ ደረሰ።

“አንቺ ሴትዮ! ደም ቤት ትገቢያለሽ?”

“ዝም በል ኪዳኑ።”

ከነጠላዋ ሥር የወተት ቆርቆሮውን አወጣች። መሬት ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን አነሳች። ሽታውን ሁላችንም አወቅነው።

“መርዝ ተገኘ ስትል ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁለት፤ ዝንብ እንዳይበላው ብዬ። ከሞተ በኋላ ነው። ጤነኛ ነበር ብዬም ዋሽቻለሁ። ለፖሊስ ልነግር እየሄድሁ ነው። ቀድመህ ከኔ ስማው።”

“አብደሻል? ይህን ቃል ብትሰጪ ያስሩሻል!”

“ይሰሩኝ። አንተ ቤዛዊትን ባሕር ዳር ታደርሳለህ። ሐኪሟ የነገረችህን ለምን ደበቅኸኝ?”

ልጆቹ ከበሩ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ።

“አበረ፣ ቅዳልኝ” አለች።

አበረ ዋንጫ ይዞ ወጣ። ጠበሉን ከጨረሰ ቆይቷል፤ ስለቱም አብቅቷል። ቀዳ። ሊቀምስ መዳፉን ዘረጋ። ማስተዋል አንጓውን ያዘችው።

“አትቅመስ።”

ከእጁ ተቀብላ ቆማ ጠጣች። እስከ አተላው ጠጣች። ዋንጫውን ገልብጣ ለኪዳኑ አሳየችው።

“የልጄ ደም እዚህ ቤት የለም። አለ ብሎ የሚነሳ ሰው በኔ ይጀምር።”

ኪዳኑ ቆርቆሮውን ሲያይ ቆየ። በእግሩ ክዳኑን ገፋው።

“ልጅህ ይውጣ” አለኝ። “እኔ ግን ከቤትህ አልቀምስም።”

“አትቅመስ” አልሁት።

ቤዛዊትን ወሰዳት። ዶክተሯ አንዲት ትንሽ ዕባጭ አገኘችባት፤ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዛለች። ማስተዋል ቃሏን ሰጠች፤ ፍርድ ቤት እስኪያያት በጣቢያው ታስራለች። አበረ ወጥቷል። ከበር ሲደርስ ግን አሁንም ይቆምና መንገዱን ግራ ቀኝ ያያል፤ ውሻ ሲጮህ እጁ ካለበት ይቆማል።

ስንቅ የሚያደርስላት እሱ ነው። ማንም አላዘዘውም። ትናንት አብሬው ሄድሁ። ከጣቢያው በር ላይ ያለው ፖሊስ ሳህኑን ገለጠ።

“ማን ነው ያመጣው?”

“እኔ” አለ አበረ።

“ቅመስ።”

አበረ ቆመ። ማስተዋል ከፍርግርጉ ወዲያ ታየዋለች። ከዳሩ ቆርሶ ጎረሰ። አላመጠ፤ ዋጠ። ፖሊሱ ጉሮሮውን አይቶ ሳህኑን አሳለፈላት።

“ጨው አለው?” አለችው።

“አንሶታል” አላት።